በሆስፒታላችሁ የሻጋታ ኢንፌክሽንን መቁጠር እንዴት ይጀመራል?

ባሕር ዳር ክረምት ሲገባ የሁላችንም ቤት ሻጋታ ያወጣል። ቁም ሳጥን ውስጥ የሰነበተ ጫማ ነጭ ነጭ ይላል። ዳቦ ሁለት ቀን አያድርም። በዚህ የሚደነግጥ የለም፤ መደንገጥም አያስፈልግም። ጤነኛ ሰው በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ስፖር የሚባል የሻጋታ ብናኝ ከአየር ጋር ይስባል። ሰውነቱም ሳይታወቀው ያጸዳዋል። ችግሩ ያው አየር መከላከያው የተዳከመ ሰው ሳንባ ውስጥ ሲገባ ነው። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ስፖር ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ የሚያጠፋው ነጭ የደም ሕዋስ ካጣ ይበቅላል፤ ሥጋና ደም ሥር ሰርስሮ ይገባል።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በኢንፌክሽን መከላከል ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። «እንዲህ ዓይነት በሽታ እኛ ጋ የለም» ሲባል በየስብሰባው እሰማለሁ። የለም ለማለት ግን መጀመሪያ መፈለግ፣ ከዚያም መቁጠር ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ያላቸውን 19 ፈንገሶች ሲዘረዝር አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን ከአራቱ እጅግ አሳሳቢዎች መሀል አስቀምጦታል። ሙኮራሌስ የሚባለው የሻጋታ ወገንና ፉዛሪየም የሚባለው ሌላ ሻጋታ ደግሞ ቀጥሎ ባለው ረድፍ ውስጥ አሉ። ይህን የምጽፈው በጀት ለሌላችሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ግን ላላችሁ ባልደረቦቼ ነው።

ማንን ትከታተላላችሁ?

የተኛውን ሰው ሁሉ ለመከታተል አትሞክሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰለቻችኋል፤ ደብተሩም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጠዋት የሌሊት ተረኛዋ ሪፖርት ስታስረክብ አብራችሁ ቁሙና ጥቂት ነገር ብቻ ጠይቁ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው አለ? ኒውትሮፊሉ፣ ማለትም ሻጋታን የሚያጠፋው ነጭ የደም ሕዋስ፣ በማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ወርዶ ከ10 ቀን በላይ የቆየ አለ? የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ የተደረገለት አለ? ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በከባድ ኢንፍሉዌንዛ ወይም በኮቪድ የተኛስ?

ቀጥሎ ስቴሮይድ ጠይቁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኔ እይታ ትልቁ ክፍተታችን ይህ ነው። ተመራማሪዎች የተስማሙበት መለኪያ በኪሎ 0.3 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ስቴሮይድ ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ ለ3 ሳምንትና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ተጋላጭ ነው ይላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሲሰላ በቀን 18 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ነው። ብዙዎቻችን «ቀላል ዶዝ» ብለን የምናልፈው መጠን ማለት ነው። ስለዚህ የመድኃኒት ካርዱን ገልጣችሁ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ፈልጉ። አስታማሚውንም ጠይቁ። «እናቴ፣ እዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የሚወስደው ኪኒን ነበር?» በሉ። ካለ ልጃቸው ቤት ሄዶ ባዶውን ማሸጊያ ያምጣ። ካርድ ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው።

ስኳርም አትርሱ። ስኳሩ ከቁጥጥር ወጥቶ፣ ደሙ በኬቶን አሲድ ሆኖ የመጣ ሰው ለሙኮራሌስ የተጋለጠ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ያየችውን እናስታውስ። ኮቪድ፣ ብዙ ስቴሮይድና ያልተቆጣጠሩት ስኳር ሲገናኙ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ የሙኮርማይኮሲስ፣ ማለትም ሙኮራሌስ የሚያመጣው በሽታ፣ ታማሚ ተመዘገበ። የስኳር ታማሚ በአንድ በኩል ፊቱን ካመመው፣ ዓይኑ ሥር ካበጠ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ላንቃው ወይም አፍንጫው ውስጥ የጠቆረ ነገር ካለ መዝገቡ ይቆየን። መጀመሪያ ሐኪም ጥሩ፤ ያውም በዚያው ሰዓት። ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ ነገ ሊባል የሚችል አይደለም።

ከዝርዝሩ ላይ ሁለት ማንቂያ ምልክት ጨምሩ። አንደኛው ኒውትሮፊሉ የወረደ፣ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ከ96 ሰዓት በላይ ወስዶም ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ነው። ሁለተኛው ከእኛ አገር እውነታ የመጣ ነው፤ አክታው ላይ ቲቢ ሳይገኝ በግምት የቲቢ መድኃኒት የጀመረና ያልተሻለው፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው ተጋላጭነቶች አንዱ ያለበት ሰው። ሳልና የሳንባ ጥላ ሲታይ መጀመሪያ ቲቢ ማሰባችን ትክክል ነው። ቲቢ ላይ ብቻ መቆማችን ግን ሻጋታውን ይደብቅብናል።

ሦስት ሳጥን

የተጠረጠረ ሰው ስታገኙ ከሦስት ሳጥን በአንዱ አስገቡት። የአውሮፓና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በጋራ ያወጡት፣ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2020 ታድሶ የታተመው ምደባ «የተረጋገጠ»፣ «አይቀሬ የሚመስል» እና «ሊሆን የሚችል» ይላል። የተረጋገጠ የሚባለው ከሥጋ ናሙና ላይ የፈንገስ ክርና በክሩ ዙሪያ የተጎዳ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ወይም ንጹሕ መሆን ካለበት የሰውነት ክፍል ሻጋታው ሲበቅል ነው። አይቀሬ የሚመስለው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ተጋላጭነት፣ በሲቲ ስካን ወይም በምርመራ የታየ ምልክት፣ እና ከላቦራቶሪ የመጣ የፈንገስ ማስረጃ። ሦስተኛው ከጎደለ ሊሆን የሚችል ይባላል።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ አብዛኛው ታማሚያችሁ ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል። አትዘኑበት። ጋላክቶማናን የሚባለው የደም ምርመራ በማይሠራበት ሆስፒታል፣ ብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ አየር መንገድን ማየት፣ ብርቅ በሆነበት ቦታ ሌላ ሊሆን አይችልም። እኔ በደብተሬ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አለኝ፤ «ያልተሠራ ምርመራና ምክንያቱ» ይላል። ሲቲው ተበላሽቶ ነው? ቤተሰቡ መክፈል አቅቶት ነው? ማንም አላዘዘም? ማኔጅመንት ፊት ስትቀርቡ ከሁሉም በላይ የሚሠራላችሁ ይህ ዓምድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ምደባ የተሠራው ለጥናት ነው። ሐኪሙ «ገና አልተረጋገጠም» ብሎ መድኃኒት እንዲያዘገይ ምክንያት አትሁኑ። እናንተ ትቆጥራላችሁ፤ እሱ ያክማል።

ከላቦራቶሪ ጋር መስማማት

ከላቦራቶሪ ባለሙያዎቹ ጋር ቡና ጠጡና አነጋግሯቸው። የምትጠይቋቸው ብዙ አይደለም። ኬኦኤች፣ ማለትም ናሙናውን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አጥርቶ የፈንገሱን ክር በማይክሮስኮፕ ማየት፣ በሁሉም ቦታ የሚቻል ርካሽ ምርመራ ነው። ክሩ ቀጭን፣ በየመሀሉ የተከፋፈለና በ45 ዲግሪ ገደማ የሚቀነጠብ ከሆነ አስፐርጊለስን ይመስላል፤ ፉዛሪየምም እንዲሁ ሊታይ ይችላል። ሰፊ፣ እንደ ሪባን የተጣጠፈ፣ ክፍፍሉ ጥቂት፣ ቅርንጫፉ ወደ 90 ዲግሪ የሚያዘነብል ከሆነ ሙኮራሌስን እንጠረጥራለን። ልዩነቱ ሕይወት ላይ ይደርሳል። ቮሪኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ትልቅ ሙከራ ላይ በአስፐርጊለስ ከታመሙት መሀል 71 በመቶውን በ12ኛው ሳምንት በሕይወት አቆይቷል፤ በአምፎተሪሲን የታከሙት 58 በመቶ ነበሩ። ሙኮራሌስን ግን ቮሪኮናዞል አይነካውም። እሱ አምፎተሪሲን ይፈልጋል። በነገራችን ላይ አምፎተሪሲን ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ካላአዛር ሊቦ ከምከምና ፎገራን ሲያምስ ያዩ ባልደረቦች በስብ የተለበጠውን ዓይነት ከካላአዛር ሕክምና ያውቁታል። የመድኃኒት ክፍሉን «አለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በየወሩ ጻፉ።

የሥጋ ናሙና ሲወሰድ ሁለት ዕቃ ይዘጋጅ። አንዱ ፎርማሊን ያለበት ለፓቶሎጂ፣ ሌላው ንጹሕ ሳላይን ያለበት ለካልቸር፣ ማለትም ሻጋታውን ለማብቀል። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ሻጋታው ሞቷል፤ ምንም አይበቅልም። ሙኮራሌስ ከተጠረጠረ ደግሞ ናሙናው አይፈጭ፤ በምላጭ ይቆራረጥ። ክሩ ሲፈጭ ይሞታል።

የደም ካልቸር ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። አስፐርጊለስ ከደም ውስጥ የሚበቅለው ከስንት አንዴ ነው። ፉዛሪየም ግን ብዙ ጊዜ ይበቅላል። ከአክታ አስፐርጊለስ በቀለ ማለትም ሰውየው ታሟል ማለት ብቻ አይደለም፤ አየር መንገዱ ላይ አርፎ የተቀመጠም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላቦራቶሪው የላከላችሁን ውጤት ይዛችሁ ሁልጊዜ ወደ አልጋው ሂዱ፤ ተጋላጭነቱንና ፊልሙን እዩ።

ሂሳቡ

አምስት ታማሚ አገኘን ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። ከስንት ውስጥ? በየሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በየዋርዱ ስንት ሰው እንደተኛ ተረኛዋ ትመዘግባለች። የወሩን ደምሩት፤ የአልጋ ቀን ይባላል። ለምሳሌ በአንድ ወር 6,000 የአልጋ ቀን ኖሮ 3 አዲስ ታማሚ ካገኛችሁ፣ 3 ሲካፈል ለ6,000፣ ሲባዛ በ10,000፤ መልሱ በ10,000 የአልጋ ቀን 5 ነው። ይህ ለልምምድ የሰጠሁት ቁጥር ነው። ቢቻል ኬሞ የሚወስዱትንና ጽኑ ሕሙማንን ለየብቻ አስሉ። ተጋላጩን ከወሊድ ዋርድ ጋር ደባልቃችሁ ብታካፍሉ ችግሩ ይሟሟል።

የገባበትን ቀንና የመጀመሪያው ምልክት የታየበትን ቀን ሁለቱንም ጻፉ። ሻጋታ ስፖሩ ከተሳበ በኋላ በስንት ቀን እንደሚያሳምም ሁሉም የተስማማበት ቁጥር የለም። ስለዚህ «ከሆስፒታል የመጣ» እና «ከቤት የመጣ» ብላችሁ በግድ አትክፈሉ። ቀኖቹ ካሉ ሌላ ሰው በኋላ በፈለገው መለኪያ ያሰላዋል።

የአቧራ ዙር

ከሁሉ የምወደው ሥራ ይህ ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት ዋርዱን ዙሩ፤ ሰው ሳይሆን አቧራና እርጥበት ፈልጉ።

እርጥበት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ካያችሁ ከላይ ቆርቆሮው ያፈሳል። ችፑድ ኮርኒስ ከረጠበ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዛል፤ ያኔ መቀየር እንጂ ቀለም መቀባት መፍትሔ አይደለም። በላዩ የተቀባ ቀለም ሻጋታውን ከዓይን ይሰውረዋል፤ ከሳንባ ግን አይሰውረውም። የበሰበሰውን ችፑድ ስታወርዱ ታማሚዎቹ ቀድመው ይውጡ። በሚወርድበት ሰዓት የሚነሣው ብናኝ ተሰቅሎ ከነበረበት ጊዜ ሁሉ ይብሳል።

አቧራ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ነው። የሆስፒታል ግቢ ሁልጊዜ የሚቆፈር ነገር አያጣም። ግድግዳ ሲፈርስ፣ አፈር ሲዛቅ፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ስፖር ይነሣል። በዓለም ላይ የተመዘገቡ ብዙ የአስፐርጊለስ ወረርሽኞች ከሆስፒታል ግንባታና እድሳት ጋር የተያያዙ ናቸው። ኮንትራክተሩን ሥራ ከመጀመሩ በፊት አግኙት። ከወለል እስከ ኮርኒስ ወፍራም ላስቲክ ይወጠር። አፈሩ ውኃ ይረጭበት። ፍርስራሹ በዋርድ ኮሪደር አይለፍ፤ ካለፈም ተሸፍኖ ይለፍ። ኒውትሮፊሉ የወረደ ታማሚ ለኤክስሬይ ሲወጣ ኤን95 ማስክ ያድርግ። ዋርዱ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ መወልወያ ይወልወል። ሀብታም አገሮች ለእንዲህ ዓይነት ታማሚ 0.3 ማይክሮሜትር ቅንጣትን 99.97 በመቶ የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ያለው ክፍል ይሠራሉ። እኛ እስኪኖረን ድረስ ላስቲክና ውኃ ብዙ ያድናሉ።

መስኮት ላይ ክርክር ይነሣል። የቲቢ መከላከያ መመሪያ «ክፈቱ» ይላል። የግንባታ አቧራ «ዝጉ» ያሰኛል። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሰንደል ለኩሼ መስኮቱ ጎን እይዛለሁ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ነፋሱ ከዚያ በኩል ነው። በቀን ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስና ጠዋት ያለው አንድ ስላልሆነ ሁለት ጊዜ እሞክራለሁ። ከቁፋሮው በኩል የሚገባውን መስኮት ዘግቼ በሌላው በኩል ያለውን እከፍታለሁ። ደካማ ታማሚዎችን ወደ ንጹሑ ጎን፣ የሚያስሉትን ደግሞ ለብቻ አዛውራለሁ። ጭሱ ታማሚ አጠገብ እንዳይሆን ግን ባዶ ክፍል ወይም ኮሪደር ላይ ሞክሩት።

ኅዳር 12ን በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አክብቡ። ከተማው ሁሉ ጠርጎ ቆሻሻ ያቃጥላል። ከአንድ ቀን በፊት ለዋርዱ ንገሩ፤ በዚያ ጠዋት መንገድ ዳር ያሉት መስኮቶች ይዘጉ።

ግቢ ውስጥ የበሰበሰ ነገር ክምርም ተመልከቱ። የሣር ቁራጭ፣ የሩዝ ገለባ፣ ከሐይቁ ተነቅሎ የተከመረ እንቦጭ፣ ኮምፖስት፤ እየሞቀ የሚበሰብስ ዕፅ ሁሉ ለአስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ምቹ ነው። ከኬሞ ዋርድ መስኮት ሥር ከተገኘ ይነሣ። በበዓል ቀን ዋርድ ውስጥ የሚጎዘጎዘውን ቄጠማና የአበባ ማሰሮውንም በፍቅር አስረድታችሁ ከእነዚህ ታማሚዎች ክፍል አስወጡ። ሠራተኞች ቅር ይላቸዋል፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ግን ይረዳሉ።

ጨርቅ ላይ ጠበቅ በሉ። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 አምስት ሕፃናት በቆዳቸው በኩል በሙኮርማይኮሲስ ታመው አምስቱም ሞተዋል፤ ምርመራው የጠቆመው ወደ አንሶላው ነበር። በክረምት እኛ ጋ አንሶላ እርጥቡን ይታጠፋል፤ ጋቢ በረንዳ ብረት ላይ ተሰጥቶ ሳይደርቅ ይገባል። ለጨቅላ ሕፃናትና ለኬሞ ታማሚ የሚሄደው አንሶላ ሙሉ በሙሉ የደረቀ፣ ከግድግዳ ርቆ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ይሁን። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ከእንግሊዝ የወጣ ዘገባ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የታየውን የራይዞፐስ (ከሙኮራሌስ ወገን የሆነ ሻጋታ) ኢንፌክሽን የእጅ መደገፊያ ሆኖ ከታሰረ የእንጨት ምላስ መጫኛ ጋር አያይዞታል። እኛ ጋ ግሉኮስ ለማሰር የመድኃኒት ካርቶን ይቆረጣል። ካርቶኑ ከረጠበ ወዲያው ይቀየር፤ ከቆዳው ጋርም በቀጥታ አይገናኝ።

አየሩን በሳህን ስለመለካት ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሳቡሮ አጋር የሚባለውን የፈንገስ ማብቀያ ከፍቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የበቀለውን ማየትም ሠራተኛን ያሳምናል። ግን ከዚህ በላይ አደገኛ፣ ከዚህ በታች ደህና የሚባል የተስማማንበት ቁጥር የለም። በየወሩ አጋር ከምትጨርሱ ያንን ገንዘብ ኮርኒስ ማስጠገኛ አድርጉት።

ሁለት ሰው በአንድ ዋርድ

በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ታማሚ ከአንድ ዋርድ ካገኛችሁ ቁሙ። የዋርዱን ካርታ በእጅ ሳሉ፤ አልጋዎቹን ቀለም ቀቡ። ከጎኑ ቀናቱን ጻፉ፦ ቁፋሮው የጀመረበት፣ ዝናቡ ያፈሰሰበት፣ አዲስ አንሶላ የመጣበት፣ ታማሚው ከዋርድ ወደ ዋርድ የተዛወረበት። ብዙ ጊዜ መልሱ ካርታው ላይ ይወጣል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ሰዎቹ በእርግጥ ታመዋል? ላቦራቶሪው ራሱ ሻጋታ ይዞት፣ አጋሩ ወይም የናሙና ዕቃው ተበክሎ የሐሰት ወረርሽኝ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ታማሚው ደህና ሆኖ ናሙናው ብቻ ሻጋታ ካበቀለ መጀመሪያ ኢንኩቤተሩን ክፈቱና እዩ። እውነተኛ ከሆነ በዚያው ቀን ለሜዲካል ዳይሬክተሩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ለክልሉ ጤና ኢንስቲትዩትም እንዲደርስ ጠይቁ።

ከወጡ በኋላ

ታማሚው ሲወጣ ወይም ሲያርፍ ሥራው አላለቀም። የአስታማሚውን ስልክ ፈቃድ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ደብተሩ ግን የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ ይደር። በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት ደውሉ። «እንደምን ዋሉ፣ ከሆስፒታል ነው» ብላችሁ ጀምሩ፤ መርዶ ከሆነ ጊዜ ስጡ፤ ጥያቄውን አታቻኩሉ። በሕይወት አለ? መድኃኒቱን እየወሰደ ነው? ካቋረጠ ለምን? ከባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ አልፎ ከሩቅ ገጠር የመጣ ከሆነ ስልኩ የጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ለጎረቤት የበሽታውን ስም አትናገሩ፤ ሰውየው ራሱ መልሶ እንዲደውል ብቻ ንገሩ። ሁለቴ ሞክራችሁ ካልተገኘ «አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ። ባዶ አትተዉት፤ «ሞቷል» ወይም «ድኗል» ብላችሁም አትገምቱ።